ፈረሱ የሚያውቀውን ማስተማር፦ በደንገላሳ መካከል መሪ እግርን ስለ መለወጥና ስለ ትርኢት ሜዳ ዳኝነት

መነሻ

በመስክ የተለቀቀ ውርንጭላ ከእናቱ ጎን ሲሮጥ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ልብ ይላል። ውርንጭላው ወደ ግራ ሲታጠፍ በግራ እግሩ ይመራል፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ደግሞ ማንም ሳያዝዘው፣ ሩጫውንም ሳያቋርጥ፣ እግሮቹ ከመሬት በተነሡባት ቅጽበት መሪነቱን ለቀኝ እግሩ ያስረክባል። ይህን ያስተማረው የለም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ያው እንስሳ ኮርቻ ተጭኖበትና ልጓም ገብቶለት ወደ ሥልጠና ሜዳ ሲወጣ ይኸው ተግባር ከትምህርቶቹ ሁሉ አስቸጋሪ ከሚባሉት አንዱ ይሆናል። በዚህ ደረጃ የሚደናገጡ ፈረሶች ብዙ ናቸው፤ ትዕግሥታቸው የሚያልቅባቸው ጋላቢዎችም ጥቂት አይደሉም።

እንስሳው በተፈጥሮው የሚያደርገው ነገር በሰው ትእዛዝ ሲጠየቅ ስለ ምን ይከብደዋል? የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ጥያቄ ይነሣል፤ ሁለት ክፍልም አለው። አንደኛው፣ በዚህ ትምህርት ፈረሱ የጎደለው እንቅስቃሴው ሳይሆን የጥያቄው ትርጉም ስለሆነ፣ መማር ያለበትም የጥያቄውን ትርጉም ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የትርኢት ሜዳ ዳኝነት ዛሬ በሚሠራበት መልኩ የእንቅስቃሴውን መገኘት በትክክል ሲቆጥር ጥያቄው በምን መንገድ እንደ ተማረ ግን በበቂ አያይም፤ ስለዚህም አሠልጣኞችን ሳያውቀው ወደ አቋራጭ ይገፋል የሚል ነው።

ስለ ቃላት አጠቃቀም አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። «ደንገላሳ» ስል ከሶምሶማ የሚፈጥነውን፣ ከሽምጥ ግልቢያ ግን ረጋ ያለውን ባለ ሦስት ምት ሩጫ ማለቴ ነው። «የአየር ላይ ለውጥ» ያልሁት ደግሞ ፈረሱ ወደ ሶምሶማ ወይም ወደ እርምጃ ሳይመለስ በደንገላሳው መካከል መሪ እግሩን የሚለውጥበትን ተግባር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የእንቅስቃሴው ሥርዓት

ፈረስ በግራ መሪ ሲደነግልስ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ቀኝ የኋላ እግሩ ነው። ቀጥሎ ግራ የኋላና ቀኝ የፊት እግሮቹ በአንድነት ያርፋሉ። በመጨረሻ ግራ የፊት እግሩ ወደ ፊት ተዘርግቶ ብቻውን ያርፋል፤ «መሪ» የሚባለውም ይህ እግር ነው። ከዚያ በኋላ አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለዩባት አጭር ቅጽበት ትመጣለች። በቀኝ መሪ ሲሆን ተራው በሙሉ ይገለበጣል፤ ግራ የኋላ እግር ይጀምራል፣ ቀኝ የፊት እግር ይጨርሳል።

ከዚህ ተራ አንድ መሠረታዊ ነገር ይከተላል። ለተመልካች ጎልቶ የሚታየው የፊት እግር ቢሆንም ለውጡ የሚጀምረው ከኋላ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ መሪ የሚለውጥ ፈረስ ከአየር ሲወርድ አስቀድሞ ማሳረፍ ያለበት ግራ የኋላ እግሩን ነው። ይህ እግር ተራውን ካልያዘ፣ የፊቶቹ ብቻ ተለውጠው የኋላዎቹ በአሮጌው ተራ ይቀራሉ፤ ፈረሱም ከፊት በአንድ መሪ፣ ከኋላ በሌላ መሪ የሚሮጥ ይሆናል። ይህን የተዛነፈ ደንገላሳ ጋላቢው ከኮርቻው በታች እንደ መናጥ አድርጎ ይሰማዋል። ዳኞችም ከኋላ የዘገየ ለውጥ ብለው ነጥብ ይቀንሱበታል።

የጊዜው ጥበት ደግሞ ሌላው ችግር ነው። የሠለጠነ ፈረስ በተሰበሰበ ደንገላሳ በደቂቃ 100 ገደማ ዙር ይረግጣል፤ አንዱ ዙር 0.6 ሰከንድ ያህል ይወስዳል ማለት ነው። እግሮቹ ሁሉ ከመሬት የሚለዩባት ቅጽበት ከዚህም እጅግ ጥቂቷ ክፍል ናት። ጋላቢው «አሁን አየር ላይ ነን» ብሎ እስኪሰማው ቢጠብቅ ጊዜው አልፏል። ምልክቱ አስቀድሞ፣ የቀደመው ዙር ገና ሳያበቃ፣ ሊደርሰው ይገባል፤ ፈረሱም ምልክቱን ሰምቶ፣ ተረድቶ፣ የኋላ እግሮቹን ተራ ለማሰናዳት የሚያስችል ሚዛን ላይ መገኘት አለበት። ስለዚህ የለውጡ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው ከለውጡ በፊት ባሉት ዙሮች ነው። ደንገላሳው ጠማማ፣ ፈጣን ወይም ወደ ፊት የተደፋ ከሆነ የተሻለ ምልክት ቢሰጥም ፈረሱ ሊመልሰው አይችልም።

የሰው ዓይን በዚህ ፍጥነት ምን ያህል እንደሚታመን ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ሰው ፈረስን ለሺህ ዓመታት ሲጋልብ ኖሮ፣ በሽምጥ ጊዜ አራቱም እግሮች በአንድነት ከመሬት ይለዩ እንደሆነ በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1878 በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ፣ ካሜራዎችን በተርታ አስቀምጦ ባነሣቸው ተከታታይ ፎቶግራፎች ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩ ሠዓሊዎች ሩጫውን የፊት እግሮች ወደ ፊት፣ የኋላዎቹም ወደ ኋላ እንደ ተዘረጉ አድርገው ሲሥሉት ኖረዋል። ስለ ዳኝነት በምንነጋገርበት ጊዜ ይህ ምሳሌ ከአእምሮ ሊወጣ አይገባም።

ሁለት የማስተማሪያ መንገዶች

በሥልጠና ሜዳ የሚታዩትን ልማዶች ለክርክሩ ያህል በሁለት እከፍላቸዋለሁ። በተግባር ብዙ አሠልጣኝ ከሁለቱም ይቀላቅላል።

የመጀመሪያው መንገድ ሁኔታውን አስገዳጅ ማድረግ ነው። ጋላቢው ሜዳውን በሰያፍ አቋርጦ ወደ ማዕዘኑ ሲቃረብ ክብደቱን በድንገት ወደ አዲሱ ወገን ይጥላል፤ ዛቡን ይስባል፤ አለንጋውን ያሳርፋል። ፈረሱ ካልለወጠ ሚዛኑን ስለሚያጣ ይለውጣል። ለውጡ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይገኛል፤ የመንገዱ ማባበያም ይኸው ነው። ነገር ግን እንስሳው ምን ተማረ? የተጣለ ክብደት የፊት እግሮችን ቀድሞ ስለሚያስለውጥ የኋላዎቹ ይዘገያሉ። ከዚህም በላይ ፈረስ ምልክትን ብቻ ሳይሆን ቦታንና ሁኔታን ጭምር አጥብቆ ይይዛል። ያው ሰያፍ መንገድ፣ ያው ማዕዘን፣ ያው ግርግር ሲደጋገምበት፣ ማዕዘኑን ባየ ጊዜ መቸኮል ይጀምራል። ጆሮውን ይጥላል፣ ጭራውን ያወናጭፋል፣ ታፋውን ወደ ላይ ይወረውራል። አሠልጣኙ ይህን እንደ እንቢተኝነት ቆጥሮ ግፊቱን ይጨምራል፤ ፈረሱም ያንን ቦታ ከቀድሞው ይበልጥ ይፈራዋል።

ሁለተኛው መንገድ ጥያቄውን ከእንቅስቃሴው ለይቶ አስቀድሞ ማስተማር ነው። በቅድሚያ ደንገላሳው ይስተካከላል፤ ምቱ የጠራ፣ አካሄዱ ቀጥ ያለ፣ ፈረሱም በእርጋታ ሊያጥረውና ሊያስረዝመው የሚችለው ይሆናል። እንደ ሰው ሁሉ ፈረስም ወደ አንድ ወገን ስለሚያደላ ቀጥ ማለት ራሱ የወራት ሥራ ነው። ከዚያ ከእርምጃ በቀጥታ ወደ ደንገላሳ መነሣትን ይማራል። ለግራ መሪ የጋላቢው ቀኝ ባት፣ ለቀኝ መሪም ግራ ባቱ ከወትሮው ቦታ ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ ይነካዋል። ቀጥሎ ቀላሉ ለውጥ ይመጣል፤ ፈረሱ ከደንገላሳ ወደ እርምጃ ይወርዳል፣ ከ3 እስከ 5 የጠሩ እርምጃዎች ይራመዳል፣ በሌላውም መሪ ይነሣል። በመካከሉ ተቃራኒ ደንገላሳ ይለመዳል፤ ይህም ወደ ግራ እየዞሩ በቀኝ መሪ፣ ወደ ቀኝ እየዞሩ በግራ መሪ መሮጥ ነው።

የእነዚህ ልምምዶች ዓላማ ጡንቻ ማጠንከር ብቻ አይደለም። በመማር ሥነ ባሕርይ ዓይን ሲታዩ ዋና ጥቅማቸው ትርጉምን ማጥራት ነው። ለውርንጭላው መሪ እግርን የሚወስነው የመታጠፊያው አቅጣጫ ነበር። ተቃራኒ ደንገላሳ የተማረ ፈረስ ግን መሪውን የሚወስነው የጋላቢው ባት እንጂ መታጠፊያው እንዳልሆነ ያውቃል። ቀላሉ ለውጥ ደግሞ የመነሻውን ምልክት ስል ያደርገዋል። እንግዲህ በመጨረሻ የአየር ላይ ለውጥ ሲጠየቅ ለፈረሱ አዲስ ነገር አይቀርብለትም፤ አንድ መቶ ጊዜ የመለሰው ያው ጥያቄ በመካከሉ እርምጃ ሳይኖር ይቀርብለታል።

ፖል መግሪቪና አንድሩ ማክሊን በ2010 ባወጡት የፈረስ ግልቢያ ሳይንስ መጽሐፍም ሆነ በ2007 በተመሠረተው ዓለም አቀፍ የዘርፉ ማኅበር ሥራዎች ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ሐሳብ አለ። በግልቢያ ፈረስ በአብዛኛው የሚማረው ከግፊቱ ሳይሆን ከግፊቱ መለቀቅ ነው፤ ትክክለኛው መልስ እንደ ተሰጠ ባትና ዛብ ካልለሰለሱ ፈረሱ የቱ መልስ ትክክል እንደ ነበረ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ባት «ሂድ» እያለ ዛብ በዚያው ቅጽበት «ቁም» ካለ ደግሞ እንስሳው ሁለት የሚጣሉ ትእዛዞች መካከል ይገባል፤ ጭራ ማወናጨፍና አፍ መክፈት የዚህ ግጭት ምልክቶች ናቸው። የአየር ላይ ለውጥ በድንጋጤ ሲጠየቅ ይህ ግጭት የሚፈጠርበት ዕድል ከሌላው ልምምድ ሁሉ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ጋላቢው ፈረሱ እንዳይሮጥበት ፈርቶ ዛቡን ጨብጦ ሳለ በባቱ ይገፋዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ግሪካዊው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የፈረስ ግልቢያ ድርሳን በግዴታ የተገኘ እንቅስቃሴ ውበት እንደሌለውና ፈረሱም የሚሠራውን ሳይረዳ እንደሚሠራው ተከራክሯል። የዘመናችን ሳይንስ ያከለው የዚህን ምክንያት ነው።

መለኪያው ምን ያስተምራል?

በድሬሳዥ ውድድር የአየር ላይ ለውጥ ደረጃ በደረጃ ይከብዳል። ፕሪ ሴን ጆርጅ በሚባለው ፈተና ፈረሱ በየ4ኛው ዙር 5 ጊዜ፣ በየ3ኛውም ዙር 5 ጊዜ ይለውጣል። ከፍተኛው በሆነው ግራን ፕሪ በየ2ኛው ዙር 9 ጊዜ፣ በየዙሩ ደግሞ 15 ጊዜ ሳያቋርጥ እንዲለውጥ ይጠበቃል። ከላይ በተሰጠው ስሌት እነዚያ 15 ለውጦች 9 ሰከንድ ያህል ብቻ ይወስዳሉ። ለዚህ 9 ሰከንድ የሚደረገው ዝግጅት ግን የዓመታት ነው። ዳኞች ለእያንዳንዱ ተግባር ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ። ከአሜሪካ የከብት ጠባቂዎች ግልቢያ በተገኘው ሬይኒንግ ደግሞ ፈረሱ ከ70 ነጥብ ተነሥቶ በእያንዳንዱ ተግባር እስከ አንድ ተኩል ነጥብ ይጨመርለታል ወይም ይቀነስበታል፤ በክብ ሩጫዎቹ መካከል የዘገየ ለውጥም ቅጣት አለው።

የእነዚህ ሥርዓቶች ጥንካሬ ግልጽ ነው፤ መስፈርት ይሰጣሉ፣ ያወዳድራሉ፣ ያነጻጽራሉ። ድክመታቸው የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። 15 ለውጦችን መቁጠር ይቻላል፤ አንዱ ቢጎድል ወይም ቢዘገይ ተመልካቹም ያየዋል። ፈረሱ ያንን ያደረገው በመረዳት ይሁን በመፍራት ግን በቀላሉ አይቆጠርም። የሚቆጠረውና የማይቆጠረው በአንድ ሚዛን በቀረቡ ጊዜ፣ የሚቆጠረው ውሎ አድሮ ሌላውን መዋጡ የታወቀ ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ይህን ለመረዳት ፈረስ ማየት አያስፈልጋቸውም። ምሁር በታተሙለት ጽሑፎች ብዛት በሚመዘንበት ተቋም ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚበዛ ሁላችንም እናውቃለን።

በየዙሩ የሚደረገው ለውጥ ታሪክም ትምህርት አለው። ይህን ተግባር ወደ አደባባይ በማውጣት ስሙ የሚነሣው በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊ ፍራንሷ ቦሼ ነው፤ ፈረሶቹንም በፓሪስ የሰርከስ መድረክ ላይ ያሳይ ነበር። ትናንት የሰርከስ ትርኢት የነበረው ዛሬ የኦሎምፒክ መመዘኛ ሆኗል። በሰርከስ መጀመሩ በራሱ ነውር አይደለም። ሆኖም ከመነሻው ለተመልካች ዓይን የተዘጋጀ ተግባር የሥልጠናን ጥራት ሊመሰክር የሚችለው ከእንቅስቃሴው ሌላ ነገርም አብሮ ሲመዘን ብቻ ነው።

መለኪያው የማያየው ምን ያህል እንደሆነ ሁለት የቅርብ ጊዜ ምሳሌዎች ያሳያሉ። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በሦስት የአውሮፓ አገሮች ውድድሮች ላይ 750 ፈረሶችን መርምሮ፣ ከመካከላቸው 44 በመቶ በሚሆኑት ላይ ከአፍንጫ ማሰሪያው ሥር አንድ ጣት እንኳ የሚያስገባ ክፍተት እንዳልነበረ አረጋግጧል። አፉ እንዲህ የታሰረ ፈረስ አፉን ሊከፍት አይችልም። አፍ መክፈት ደግሞ ከላይ እንደ ተጠቀሰው የግጭት ምልክት ነው። ስለዚህ ዳኛው «ጸጥ ያለ አፍ» ብሎ ነጥብ የሚሰጠው ማስረጃው ለታፈነበት ፈረስ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ሜዳሊያዎችን ደጋግማ ያሸነፈች አንዲት ብሪታንያዊት ጋላቢ በሥልጠና ጊዜ ፈረስን በረጅም አለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ በመውጣቱ ከውድድሩ ራሷን አገለለች፤ በኋላም ለአንድ ዓመት ታገደች። ጉዳዩ የአየር ላይ ለውጥን ለብቻው የሚመለከት አልነበረም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ነጥብ የተፈጸመበት ቦታ ነው፤ ድርጊቱ የተፈጸመው ከውድድር ሜዳ ውጭ፣ ምንም ዳኛ በማያይበት ስፍራ ነበር።

ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ2022 የፈረሶችን ደኅንነትና የስፖርቱን ሥነ ምግባር የሚመረምር ኮሚሽን አቋቁሟል፤ በ2025ም የአፍንጫ ማሰሪያን ጥብቀት በመለኪያ መሣሪያ መቆጣጠር ጀምሯል። እነዚህ እርምጃዎች መለኪያ ሊሻሻል እንደሚችል ያሳያሉ። ጥያቄው በራሱ በነጥብ አሰጣጡ ውስጥስ ምን ይሻሻል የሚለው ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

ከላይ ባቀረብሁት ላይ ጠንካራ ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱን አነሣለሁ።

የመጀመሪያው ከልምድ የሚመጣ ነው። ተቃራኒ ደንገላሳን አስቀድሞና አብዝቶ ማስተማር ለአንዳንድ ፈረሶች ጉዳት አለው ይባላል። ወጣቱ ፈረስ በተቃራኒ ደንገላሳ ላይ ሳለ ሚዛኑን ለማስተካከል በራሱ ይለውጣል፤ ጋላቢውም ስሕተት አድርጎ ያርመዋል። ይህ ከተደጋገመ ፈረሱ «መለወጥ ክልክል ነው» ብሎ ይማራል። ከዓመት በኋላ ለውጡን ሲጠይቁት እንቢ ማለቱ የታዛዥነት ውጤት ነው። በተለይ በሰሜን አሜሪካ የሀንተር ውድድር፣ ፈረሱ ከአንዱ የመሰናክል ተርታ ወደ ሌላው ሲዞር በማዕዘኑ ላይ መለወጥ ስላለበት፣ ለውጡን ከተቃራኒ ደንገላሳ በፊት የሚያስተምሩ አሠልጣኞች አሉ። ይህን ተቃውሞ በግማሹ እቀበላለሁ። ከላይ የጠቀስሁት የትምህርት ቅደም ተከተል የማይነካ ሕግ አይደለም። የማይነካው መርሑ ነው፤ ፈረሱ በራሱ ያቀረበው ለውጥ ሊቀጣ አይገባም፣ የተጠየቀውም ለውጥ በግልጽ ምልክት የተጠየቀ ይሁን። ያልጠየቁትን ለውጥ ያገኘ ጋላቢ ዝም ብሎ ደንገላሳውን ቢያረጋጋና እንደገና ቢጀምር፣ ከቅጣት ይልቅ ትርጉም ያስተምራል። በመሬት ላይ የተጋደመ እንጨት ማሻገርም እንዲሁ ነው። እንጨቱ ፈረሱ ከመሬት ጥቂት ከፍ እንዲል ስለሚያግዘው ሐሳቡን ሊያስጨብጥ ይችላል። ምልክቱ አብሮ ካልተሰጠና እንጨቱ ቶሎ ካልተነሣ ግን ፈረሱ የሚማረው ለእንጨቱ መመለስን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዳኛ የሚፈርደው ፊቱ በቀረበው ላይ ብቻ ነው የሚል ነው። ዳኛን የቤት ውስጥ መርማሪ እናድርገው አልልም። የሜዳው ጥያቄ ግን ሊለወጥ ይችላል። ፈተና የሚያወጣ ሰው የሚጠይቀውን ሲመርጥ ተማሪው ቤቱ ሆኖ ምን እንደሚያጠናም መምረጡ ነው።

ምን ይደረግ?

ሦስት ሐሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ጋላቢው ከለውጡ በፊት ወይም በኋላ ለጥቂት ዙሮች ዛቡን ለቀቅ አድርጎ እጁን ወደ ፈረሱ አንገት እንዲዘረጋ መጠየቅ ይገባል። ይህ ልምምድ በዝቅተኛ ደረጃ ፈተናዎች በደንገላሳ ላይ ይታወቃል፤ ከለውጡ ጋር በከፍተኛ ደረጃም ቢጣመር ብዙ ይገልጣል። ሚዛኑ የራሱ የሆነ ፈረስ ምቱንና መስመሩን ይጠብቃል። በዛብ ተይዞ የቆየው ግን ወዲያው ይፈጥናል ወይም ይጠማል። ይህን ለማስመሰል አቋራጭ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ሁለተኛ፣ ለለውጡ የሚሰጠው ነጥብ ከለውጡ በኋላ ያሉትን ዙሮችም በግልጽ ያካትት። ፈረሱ ከለውጡ በኋላ ወደ ቀድሞ ምቱ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመለስ በተሠለጠነ ዓይን የሚታይ ነው፤ ጭራና ጆሮም ይታያሉ። እነዚህ ምልክቶች ዛሬም በዳኛው አእምሮ የሉም ማለቴ አይደለም፤ በቁጥር መልክ ለብቻቸው ካልተጻፉ ግን ከሚቆጠሩት 15 ለውጦች ጋር ሊወዳደሩ አይችሉም።

ሦስተኛው ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የቀረበ ነው። ከላይ የተነሣው ክርክር፣ ተቃራኒ ደንገላሳ ይቅደም ወይስ ለውጡ የሚለው፣ በአሠልጣኞች መካከል በምስክርነት ሲካሄድ የኖረ ነው። ነገር ግን በሙከራ ሊጠና የሚችል ጥያቄ ነው። በዕድሜና በሥልጠና የተመጣጠኑ ፈረሶች በዕጣ በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ አንዱ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ቅደም ተከተል ቢማሩ፣ የለውጡ ጥራት፣ የግጭት ምልክቶች ብዛትና የሚያስፈልገው ድግግሞሽ ሊነጻጸር ይችላል። መሣሪያውም ውድ አይደለም። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ የእጅ ስልክ አንዱን የደንገላሳ ዙር በ144 ምስሎች ከፍሎ ያሳያል። ማይብሪጅ በተርታ ካሜራዎች ያገኘውን ዛሬ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በኪሱ ይዞታል።

ይህ ምርምር የግድ በአውሮፓ የውድድር ሜዳዎች መታጠር የለበትም። ንጉሠ ነገሥቱን በፈረስ ስሙ፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በሚጠራ ባህል ውስጥ ያደግን ሰዎች ፈረስ ለእኛም ባዕድ የጥናት ርእስ አይደለም። በጉግስ ጨዋታ በሙሉ ፍጥነት የሚታጠፍ ፈረስ ከመታጠፊያው ጋር መሪ እግሩን ማስማማት አለበት፤ ካላስማማ ሚዛኑን ያጣል። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በጥር ወር በሚያከብሩት በዓል በርካታ ፈረሶችና ጋላቢዎች በአንድ ሜዳ ይገኛሉ። እዚያ ለውጡን የሚቆጥር ዳኛ የለም። ስለዚህም ፈረሶቹ ያለ ነጥብ ጫና በምን ጊዜና በየትኛው ወገን እንደሚለውጡ፣ ጋላቢዎቹስ ሳያስቡት ምን ምልክት እንደሚሰጧቸው መቅረጽ፣ ከተፈጥሯዊው ለውጥና ከተማረው ለውጥ መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥናት ጥሩ መነሻ ይሆናል።

መደምደሚያ

የአየር ላይ ለውጥ ፈረሱ ተወልዶ የሚያውቀው ተግባር ነው። ሰው የሚጨምርበት ለመቼና ለየትኛው ወገን የሚል ጥያቄ ብቻ ነው። ጥያቄው በግልጽ ምልክት፣ በተስተካከለ ሚዛንና በጊዜው በሚለቀቅ ግፊት የተማረ ከሆነ ለውጡ በጊዜው ይመጣል፤ በግርግር የተማረ ከሆነም ይመጣ ይሆናል፣ ነገር ግን ፍርሃቱንና የዘገዩትን የኋላ እግሮች ይዞ ይመጣል። ሁለቱን ለመለየት የሚያስችል ዳኝነት እስካላበጀን ድረስ ሁለተኛውን መንገድ የሚመርጥን አሠልጣኝ ብቻ መውቀስ ፍትሓዊ አይመስለኝም፤ ነጥቡን የምንሰጠው፣ የምናጨበጭበውም እኛ ነንና። ስለዚህ የፈተና ቅጾችን የሚያዘጋጁ አካላት በሚቀጥለው ማሻሻያቸው ከላይ የተጠቀሱትን ሁለት ሐሳቦች በዝቅተኛ ደረጃ ውድድሮች ላይ ቢሞክሯቸው፣ ተመራማሪዎችም ውጤቱን ጎን ለጎን ቢመዘግቡ፣ ክርክሩ ከምስክርነት ወደ ማስረጃ ሊሸጋገር ይችላል።